የሥራነሽ አንገት

«ሁሉንም ያውጣው አልኩ! ሁለት ጊዜ ለቢላ አልተኛም!»

«እማ፣ አንገት ነው እኮ! የድንች ማሳ መሰለሽ እንዴ፣ ተጠራርጎ የሚቆፈር?»

«ዝም በል! ሐኪሙ አንተ ነህ?»

ሥራነሽ የሆስፒታሉ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባዋለች። የሚከራከራት ልጇ መሳፍንት ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ባጃጅ የሚነዳው፣ ከአምስተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ያልነካው መሳፍንት። ዶክተር ገዳሙ የፈቃድ ወረቀቱን ይዞ፣ እናትና ልጅ እስኪጨርሱ ቆሞ ይጠብቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉሮሮዋ ላይ ያለው እጢ ካንሰር ነው። እሱም፣ አጠገቡ መሃል ላይ ያሉት ንፍፊቶችም ይወጣሉ፤ እዚህ ላይ ጭቅጭቅ የለም። ጭቅጭቁ በአንገቷ ግራ ጎን ባበጡት ሁለት ንፍፊቶች ነው። በመርፌ ተቀድቶ ቢታይ «ጥቁር ነገር ሞልቶታል፣ አልለየም» የሚል ውጤት መጣ። እነሱም ይውጡ ከተባለ ቅዱ እስከ ጆሮዋ ሥር ይዘልቃል፤ ግራ ክንዷም ከዚያ ወዲያ ወደ ላይ አልነሳም ሊል ይችላል። ጥጥ ፈትላ ይጁቤ ገበያ እየሸጠች ለምታድር ሴት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ተትተው ካንሰር ከሆኑ ደግሞ ዳግመኛ መከፈት አለ።

መሳፍንት አፉ ክንድ ክንድ ይበል እንጂ ልቡ ያለው ንቅሳቱ ጋ ነው። አንገቷን የከበቡት አምስት አረንጓዴ ቀለበቶች። ልጅ ሆኖ እንቅልፍ እምቢ ሲለው በሌባ ጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥራቸው ነበር፤ አራተኛዋ ላይ ሳይደርስ ጭልጥ ይላል። የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ የአንገቷ ሙቀት፣ ልብሷ ላይ የሚቀረው የጥጥ ሽታ... አንዴማ የጎረቤት ነጭ ፍየል አንገት ላይ አምስቱንም በከሰል ሥሎባት፣ ሥራነሽ አርጩሜ ይዛ ወጥታ ፍየሏን ስታይ በሳቅ መሬት ተቀምጣለች። ግርፊያውም በዚያው ቀረ። ቢላው እነዚያ ቀለበቶች ላይ ሲያልፍ ያ ሁሉ አብሮ የሚቀደድ መሰለው።

«እትዬ ሥራነሽ፣ የግራው እብጠት መቼ ጀመረዎት?» አለ ዶክተሩ።

«እኔ እንጃ ልጄ። ትንሽ ነገር ድሮም ነበረች።»

«ንቅሳቱ ሲመግል ነዋ!» መሳፍንት ጥልቅ አለ። «ንገሪው እንጂ እማ! አክስቴ ወለተ ሰንበት በእሾህ የወጋችሽን!»

«አሁን ይሄ ለዶክተር የሚወራ ነው?»

«ነው፣ ይንገሩኝ» አለ ዶክተሩ።

ነገረችው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ እንቅርት እንዳይይዛት ተብሎ፣ ታላቅ እህቷ የኩራዝ ጥላሸት በእሾህ እየወጋች ነቀሰቻት። ግራው መግሎ ሁለት ወር ሙሉ አንገቷን ማዞር አቅቷት ነበር።

«ይኸው አልያዘሽም!» ብሎ መሳፍንት ሳቀ።

ዶክተር ገዳሙ ግን አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ናሙና ወደምትመረምረው ሐኪም ደወለ። ንፍፊቱ እንደገና በመርፌ ተቀዳ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ጥላሸት ነው። ቆዳዎ ላይ ብቻ አልቀረም፤ ንፍፊቶቹ ውስጥ ገብቶ አርባ ምናምን ዓመት ተቀምጧል። ካንሰር አላየንበትም። እኔን ካሉኝ መሃሉን ብቻ እናውጣ፤ ጎኑን በየስድስት ወሩ እየመጡ በአልትራሳውንድ እናየዋለን። ግን አልዋሽዎትም፣ መርፌው የሳተው ነገር ካለ ሁለተኛ መከፈት ይመጣል።»

ሥራነሽ ክር እንደምትስብ ግራ ክንዷን ከፍ አደረገች። ጣቶቿን አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ አወረደችው።

«መሃሉን ብቻ» አለች። «ከመጣም ይምጣ።» አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ተጫነች።

መሳፍንት እፎይ አለ። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ጠጋ ብሎ፣ ዕድሜ ልኩን ሲቀልድ የኖረው ልጅ ለመነው። «ዶክተር፣ መሃሉን ሲቀድዱ ሦስተኛዋን ቀለበት አይንኩብኝ። ከላይዋም ይሁን ከሥሯ ይለፉ። ልጅነቴ እኮ እሷ ላይ ነው ያለው።»

ዶክተሩ ወደ ሥራነሽ ዞረ።

«እንደተመቸህ ቅደድ ልጄ» አለችው። ወደ መሳፍንት ዞረች። «አንተ ደግሞ፣ ከናፈቀህ የራስህን አንገት ተነቀስ!»