መድኃኒት ያልገባበት ረድፍ

እናትየው ክፉ ክፉውን ማሰብ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ልጇ ስታስነጥስ የሳንባ ምች፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ የሚመስላት ሴት ናት። ስለዚህ በልጅቷ ጡት ውስጥ የተገኘው እብጠት ካንሰር ነው ሲሏት «አውቄዋለሁ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሥራዋ በአንድ የምርምር ላብራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ ማጠብ ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተሯ በቀዶ ጥገና ከወጣው እብጠት ቁራጭ አስመጥታ፣ ሴሎቹን በፕላስቲክ ሳህን ላይ ማሳደግ ጀመረች። በደንብ ሲበዙ ስድስት መድኃኒት ይሞከርባቸዋል፤ አብልጦ የገደላቸው ለልጅቷ ይመረጣል። ሐኪም ቤቱ የሚጠብቀው ግን እስከ ሰኞ ብቻ ነው። ከዚያ ለሁሉም የሚሰጠውን ይጀምርላታል።

እናትየው እንግዲህ የልጇ ካንሰር እንዲያድግ ስትጸልይ ከረመች።

«ዛሬስ እንዴት አደሩ?» ትላለች ጠዋት ጠዋት።

«ወፍረዋል እማማ! ከኔ በላይ ይበላሉ» ይላታል ቴክኒሻኑ። ጓንቱን ሲያወልቅ ታይቶ ስለማይታወቅ ሁሉም «ጓንቴ» ነው የሚለው።

«ቀስ ብለህ አውራ፤ የሰው ዓይን እንዳያርፍባቸው።»

ጠርሙስ ማጠብ ሕግ አለው፤ በረኪናው በልክ፣ ማለቅለቁ ደጋግሞ። ለሙከራው ቀን የሴሎቹ ፈሳሽ ምግብ የሚቀመጥበትን ጠርሙስ ስታጥብ ግን እጇ አልታዘዛትም። አንዲት ጀርም ብትተርፍስ? በረኪናውን እጥፍ አድርጋ አሳደረችው። ካለቀለቀችው በኋላም ልቧ አላርፍ ስላላት፣ የክዳኑን ውስጥ በበረኪና በነከረችው ጨርቅ ወልውላ እንዲሁ ከደነችው።

ዓርብ ጠዋት ጓንቴ ከማይክሮስኮፑ ቀና አለ። «እማማ! ስድስቱም ገድለዋል! እልል በይ እንጂ!»

እናትየው እልል አላለችም። እዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሳህኑ ላይ ለማነጻጸሪያ መድኃኒት የማይገባበት አንድ ረድፍ እንዳለ፣ እሱ መሞት እንደሌለበትም ታውቃለች።

«መድኃኒት ያልገባበትስ?»

ጓንቴ ተመልሶ አጎነበሰ። ቶሎ አልተነሳም። «እሱም ሞቷል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዶክተሯ መጥታ አየች። «ምግቡ ነው የገደላቸው። ጠርሙሱ ላይ ምን ነበር?»

«በረኪና» አለች እናትየው። «እጥፍ አደረግኩት። ክዳኑንም ወልውዬ ሳላለቀልቅ ከደንኩት።» የሌላ ሰው ጉዳይ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

«ለምን እትዬ? ስንት ዓመት ሲያጥቡ አንድ ቀን እንኳ ተሳስተው አያውቁም!»

«ለሌላው ስለማልፈራ ይሆናል።»

ዶክተሯ ሳህኑን አስቀመጠች። «በበረዶ ያቆየነው ጥቂት አለ። ግን እስኪበዛ ሦስት ሳምንት ይፈጃል።»

እናትየው ወደ ኮሪደሩ ወጥታ እንባዋን ጠበቀች። አልመጣም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ነገር በሩን ከፍቶ ገባ፣ እሷ ግን እግሯ እንደ ደነዘዘ ሰው ነበረች፤ ቢቆነጥጧትም አይሰማትም። ለልጇ ደወለች።

«እሺ እማዬ፣ የቱ መድኃኒት አሸነፈ?»

«አልታወቀም። ሁሉንም እኔ ገደልኳቸው፣ በበረኪና።»

ልጅቷን ሳቋ አመለጣት። «ከመድኃኒቶቹ ሁሉ የቀደምሽው አንቺ ነሽ በይኛ!»

«አትሳቂ።»

«እና ላልቅስልሽ? ሰኞ ሁሉም የሚወስደውን እጀምራለሁ። እሱ እምቢ ካለ ሌላ እንመርጣለን። የተረፈ የለም እንዴ?»

«ትንሽ አለ። በበረዶ።»

«በቃ፣ አስነሷቸው።»

እናትየው «እሱም ቢሞትስ» ልትል ነበር። ግን «እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ስትመለስ ዶክተሯ በበረዶ የቆየችውን ብልቃጥ እያሟሟች ነው። እናትየው ጓንቴን በክንዱ ይዛ ወደ ገንዳው ወሰደችው።

«የነዚህን ጠርሙስ አንተ እጠበው።»

«እኔ? እማማ፣ እኔ እኮ የሻይ ብርጭቆዬንም አላጥብ።»

«እጠበው ብዬሃለሁ።»

በርጩማ ስባ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። አያያዙ የጀማሪ ነበር፤ ውኃው ክንዱ ድረስ ይረጨዋል። አላረመችውም።