በተዘጋ ሱቅ ውስጥ የዘፈነችው ሴት

ሰበታ ውስጥ ዳኜን በአባቱ ስም የሚጠራው የለም፤ ዳኜ ኩባ ነው የሚሉት። አባቱ በሶማሌው ጦርነት ሲሞት፣ ገና ልጅ ሳለ ከሌሎች የሟች ወታደር ልጆች ጋር ኩባ ተላከ። እዚያ ተምሮ የኤሌክትሪክ ሙያና አንድ ሻንጣ ካሴት ይዞ ተመለሰ። በጅማ መንገድ ዳር ከተደረደሩት ሱቆች በአንዱ ቴፕና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ለደንበኛ የሚያሰማው ያው የአገር ዘፈን ነው። የኩባዎቹን ካሴቶች የሚያወጣቸው ተረፈች ስትመጣ ብቻ ነበር።

ተረፈች ዓይኗ አያይም። እዚያው ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአንድ ፋብሪካ ስልክ ስታገናኝ ኖራለች። ሰው ‹ሃሎ› ሲል ብቻ ማን እንደሆነ፣ ደስ ብሎት ይሁን ተጣልቶ ታውቃለች። ታዲያ አመሻሽ ላይ በበትሯ መንገዱን እየዳበሰች ትመጣና በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከዳኜ ጋር ሳልሳ ስለሚባለው የላቲን አሜሪካ ሙዚቃ ዘፋኞች ትከራከራለች። ሰበታ ውስጥ ለዚህ ክርክር ሌላ ሰው አልነበራቸውም።

ዳኜ የሴሊያ ክሩዝ ወገን ነው። ድምጿ ወፍራም ነው፣ ከደረቷ ይወጣል፤ መለከቱ ሁሉ ተሰብስቦ ቢጮህ እንኳ የሚሸነፈው መለከቱ ነው። አገሯን ጥላ ስለሄደች ኩባ ውስጥ በሬዲዮ አትለቀቅም ነበርና፣ ምግብ የምታበስልላቸው ሴትዮ ቀስ አድርጋ ታሰማቸው እንደነበር ይነግራታል። ተረፈች ደግሞ የፖርቶ ሪኮውን ሰው ሄክቶር ላቮን ትመርጣለች። የእሱ ድምፅ ቀጭን ነው፣ በአፍንጫው በኩል የሚመጣ። ከምቱ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይገባል፤ አርፍዶ መጥቶ እያሳቀ ይቅር በሉኝ እንደሚል ሰው።

«ሴትዮዋ ሰውን ሁሉ ከወንበሩ ታስነሳለች» ትላለች ተረፈች። «እሱ ግን መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል።»

«አንቺ የሚያረፍድ ወንድ ትወጃለሽ ማለት ነው።»

«የማያረፍደውን መቼ አገኘሁትና።»

ሌላው የኩባ ዘፋኝ ቤኒ ሞሬ ላይ ሲደርሱ ብቻ ይታረቃሉ። የእሱ ድምፅ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ደረጃው አይሰማም፤ እዚህ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ያ ታኅሣሥ መጣ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ማስተር ፕላኑ ሰበታንም ቡራዩንም ሱሉልታንም ይዞ ሊሄድ ነው ተባለ። ገበሬው ለመሬቱ ሠጋ፣ ወጣቱ መንገድ ወጣ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ የታጠቀው ኃይል ገባ። በዚያች ቀን ዳኜ ብረት በሩን ከውስጥ ቆልፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ብቻውን ሆኖ ተኩሱን ማዳመጥ ሲያቅተው ሴሊያን ቀስ አድርጎ ከፈተ።

በሩ ተደበደበ። አንድ ወጣት አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ ክፈቱልኝ ይላል። ከኋላው የወታደር ቡትስ ኮቴ ይሰማል። ዳኜ ተነሣ። ከፍቶ ቢያስገባው ሱቁም እሱም እንዳይተርፉ ፈራ። እጁ ወደ ቁልፉ አልሄደም፤ ወደ ቴፑ ሄደ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመረው። አልሰማሁም ለማለት እንዲመቸው ነው መቼም፣ ሌላ ምን ይባላል።

በማግስቱ ወሬው ደረሰው። ወታደሮቹ በሩ ላይ ደርሰው የደበደቡት ወጣት ኢተፋ ነበር፤ የተረፈች የእህቷ ልጅ፣ ፋብሪካ ሊሠራ በቅርቡ ከሆለታ መጥቶ እሷ ዘንድ ያረፈው። ክንዱ ተሰብሯል። ዳኜ ያን ዕለት ሱቄን ዘግቼ ጎረቤት ከተማ አለም ገና ነበርኩ ብሎ አስወራ።

እኛ ዘንድ ደግሞ የታመመን አለመጠየቅ ጠብ ነው። ቢቀር ይታወቅበታል፣ ቢሄድ ፊቱ ያሳብቅበታል። እሑድ ብርቱካን ገዝቶ ሄደ። ቤቱ ጠያቂ ሞልቶታል፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ መገርሳም አሉ። ጠያቂ ሲገባ እንዴት ሆንክ፣ እንዴት አገኘህ ማለቱ አይቀርምና በሽተኛው ነገሩን እንደ አዲስ ይጀምራል። ዳኜ ብርቱካኑን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ደጋግሞ ሰማው። ኢተፋ አስለቃሽ ጭስ ዓይኑን ስለጋረደው የሱቆቹን በር በእጁ እየዳበሰ እንደሮጠ፣ ከአንዱ ውስጥ ዘፈን እንደሰማ፣ ሲያንኳኳ ዘፈኑ እንደጨመረ ይናገራል። የባዕድ አገር ቋንቋ ነው፣ ሴት ናት የምትዘፍነው ይላል።

የፋብሪካ ጓደኞቹ ተያዩ። ከዳኜ ቀጥሎ ያለው ሱቅ የሸምሰዲን ነው፤ በየስልኩ ዘፈን የሚጭነው፣ የዓረቡም የሕንዱም ሙዚቃ የማይጠፋበት። እሱ ነው ተባለ። ከእንግዲህ ከሸምሰዲን የሚገዛ አይኖርም አሉ። አንደኛው ደግሞ ሱቁስ ለምን ቆሞ ይታያል አለ።

ተረፈች ወደ ኢተፋ ዞረች። «ድምጿ ምን ዓይነት ነው፣ ልጄ?» አለችው ኢተፋን። «ወፍራም ነው? ከመለከቱ በላይ የሚወጣ?»

አዎ አላት። እንደሱ ያለ ሰምቶ እንደማያውቅ ነገራት።

ሌላ አልጠየቀችም። ፊቷን ዳኜ ወደተቀመጠበት መለሰችና እዚያው ቆየች። ዳኜ ከሚያዩት ዓይኖች ሁሉ ይልቅ ያ ፊት ከበደው።

በዚህ መሃል ሸምሰዲን ራሱ ገባ። ምንም አልሰማም፤ አንድ እሽግ ሚሪንዳ አቅፎ ‹አካም ጅርቱ፣ እግዜር ይማርህ› ሲል ገባ። የመለሰለት ሰው የለም። የተጠጋለትም የለም። ሚሪንዳውን የት እንደሚያኖር ግራ ገብቶት መሃል ቤት ቆመ። ጥፋቴ ምንድነው እንደሚል ሰው አንዱን ካንዱ ያይ ጀመር።

ዳኜ መቀመጥ አቃተው። ቆመ፣ ብርቱካኑ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ሸምሰዲን አይደለም» አለ። «በሩ የኔ ነው። ዘፈኑም የኔ ነው።»

 ኢተፋ በደኅናው እጁ ተደግፎ ቀና አለ።

«ጋሼ ዳኜ፣ ሰምተውኝ ነበር?»

«ሰምቼህ ነበር።»

«የተረፈች ልጅ ነኝ ብዬ ነበር።»

«እሱንም ሰምቻለሁ» አለ ዳኜ።

ያን ጊዜ ከጓደኞቹ አንዱ ተነሥቶ ለሸምሰዲን ቦታ ለቀቀለት፤ ሚሪንዳውንም ተቀበለው። ዳኜን ውጣ ያለው የለም። ቢሉት ይሻለው ነበር። ተረፈች ፊቷን ከእሱ አንሥታ ወደ ሸምሰዲን ዞረች፤ ልጆቹ ደኅና መሆናቸውን፣ ሚስቱ ከሳሉ ተሽሏት እንደሆነ ጠየቀችው። ድምጿ ያው የስልክ ቤቱ ድምፅ ነበር፣ ለማታውቀው ሰው ሁሉ የምታወጣው። ዳኜ እንዳኮረፈችው ያወቀው በዚያ ነው። እሱ ባለበት በዚያ ድምፅ ተናግራ አታውቅም፤ አሁን ደግሞ ጨርሶ አላናገረችውም።

ጠያቂው ሊነሣ ሲል ኦቦ መገርሳ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ለታመመው ምሕረትን፣ ለታሰሩት መፈታትን፣ ለአገሩ ሰላምን ለመኑ። በመጨረሻም «ለተጨነቀ በር የምንከፍት ያድርገን» አሉ። ነገሩን አስበውት ይሁን ልማዳቸው ሆኖ አይታወቅም።

ቤቱ በአንድ አፍ አሜን አለ። ዳኜ አፉን ከፈተ፣ ድምፁ ግን አልወጣለትም። ተረፈች ጆሮዋን ወደ እሱ አዘንብላ ትጠብቅ ነበር።