ስምና ያሉበት ቦታ

"አቦ፣ ይሄ ሁሉ የሳውዲ ቁጥር ነው! ስልክህ ስንት ነው ሲሉት የልጁን ይሰጣል እንዴ ሰው?" አለ ኑርዬ፣ ላፕቶፑ ላይ የወረደውን ቁጥር እያየ። "ስህተት ነው፤ አውጥተሽ ጣይው።"

"ኧረ ተው! እስቲ የማንን ይስጡ?" አለች ሂንድ።

ጦርነቱን ሸሽተው ከውጫሌ አካባቢ የመጡ ሰዎች ሐይቅ ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለዋል። የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ያለበትን ቦታ፣ የሰጠውን ስልክ ከነባለቤቱ፣ የቤት ጉዳቱንም የመዘገበው ኑርዬ ነው። አገራቸው ያለው ስልክ ተቋርጧል፤ ዐረብ አገር ያሉት ልጆች ወላጆቻቸው ይኑሩ ይሙቱ አያውቁም። ከመዝገቡ ለልጆቹ መልእክት ልትልክ የመጣችው ሂንድ ይሄን ጭንቅ ታውቀዋለች፤ ሪያድ ሰው ቤት ሠርታለች። ፕሮግራም መጻፍ የተማረችውም እዚያው ነው፤ ልብስ ተኩሳ ስትጨርስ፣ በስልኳ። ጉድ እኮ ናት ይቺ ልጅ!

"ለፕሮግራሙ የሚያወጣውን ነገር መጠሪያ ብቻ ነው የምነግረው" አለችው። "'ስልክ' ካልኩት ከየሰዉ መረጃ ስልኩን ብቻ ያወጣል። 'ስም' ካልኩት ስሙን። ዋናው መዝገብ ንክች አይልም።"

'ስልክ፣ ስም፣ ቦታ፣ ቤት' የምትል አንዲት መስመር ጻፈች። ለየልጁ የሚላከው መልእክት ተደረደረ። የመጀመሪያውን አጠገባቸው ለተቀመጡት ለአያ እንድሪስ አነበበችላቸው፤ "ኑርሀያት፣ አባትሽ እንድሪስ በሕይወት አሉ። ሐይቅ ትምህርት ቤት ናቸው። ቤታቸው ተቃጥሏል።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። "ልጄ፣ ቤቱን ተይው። ኮንትራቷ አልቆ ልትመጣልኝ ነው። ቤቱ ተቃጠለ ካልሻት ለማሠሪያው ብላ ተመልሳ ትፈርማለች። ወላሂ ትፈርማለች! እኔ ልጄን ነው የናፈቅሁት።"

"ከመዝገቡ ከጠፋ ግን ቆርቆሮ ሲታደል ያልፍዎታል" አለ ኑርዬ።

"ማን ያጠፋዋል?" አለች ሂንድ። "እዚያው ይቀመጣል። እኔ አላወጣውም፤ በቃ። አያ እንድሪስ ራስዎ ሲፈልጉ ይነግሯታል።"

ሽማግሌው ምርቃቱን አወረዱት። ኑርዬም አፉን ይዞ አያት፤ እሱ ሊጥለው ከነበረው ቁጥር ስንቱን የሚያሳርፍ ወሬ አወጣችበት!

"እሺ፣ የሳቸውን ለብቻ አስተካክለሽ ላኪዋ" አላት።

ሂንድ ወደ ጻፈቻት መስመር ተመለሰች። ሪያድ እያለች የአባቷን መታመም የሰማች ዕለት ነበር እሷም ለማሳከሚያው ብላ ደግማ የፈረመችው። አባቷን በሕይወት አላገኘቻቸውም።

"ለሁሉም ነው የማስተካክለው" አለች። ከመስመሯ ላይ 'ቤት' የሚለውን ቃል አጥፍታ ላከችው።