የሽርሽሩ ምሳ

«ሰዎች እየመጡ ነው!» አለ ደቻሳ ድምፁን አፍኖ።

ጸሎቱ ካፋቸው ላይ ተቆረጠ። ሶሬቲ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ኳሱን ወደ መሃል ለጋችው። አንዷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የጤነኛ ሰው ሳቅ አይመስልም ነበር።

ከኮተቤ ወዲያ፣ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሜዳ ላይ ከቦሌ የመጡ ጥቂት ሰዎች ለሽርሽር ተቀምጠዋል። ለሚያያቸው እንደዚያ ነው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ የሚገናኙት አንድ እሑድ ልደት፣ ሌላ እሑድ ሽርሽር እያሉ ነበር። የዛሬው ጾም ጸሎት የተያዘው ለሶሬቲ ባል ለጉዲና ነው። ሲጸልይ ተይዞ ከታሰረ ወራት አልፈዋል። ሶሬቲ ገና ጥርስ ያላወጣ ልጇን ለጎረቤቷ ለትብለጽ ትታ ስትወጣ ልቧ ፈርቶ ነበር። እሷም ከታሰረች ልጁ ማን አለው? ያደፋፈራት ደቻሳ ነው። «አንቺ ምን አስጨነቀሽ? የሚመጣ ነገር ካለ ኃላፊው እኔ ነኝ» ብሏት ነበር ጠዋት።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠመንጃ ካነገቱ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጋር ደረሰ።

«ምንድን ነው ስብሰባው?»

«ሽርሽር ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ነፋስ ልንቀበል ወጥተን ነው» አለ ደቻሳ።

ሰውየው የምሳውን ዘንቢል በዱላው ጫፍ ገለጠው። ዳቦው አልተቆረሰም፣ እንቁላሉ አልተላጠም፣ አምቦ ውሃው አልተከፈተም። ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ናችሁ አሉኝ። ይሄን ሁሉ መንገድ በእግሩ የመጣ ሰው አይርበውም?»

ሽርሽር ለማስመሰል ኳስም ምሳም ተሸክመው መጥተው፣ ሽርሽር የወጣ ሰው ምሳውን እንደሚበላ ረስተውት! ጿሚ ስለ ምሳ ምን ብሎ ያስባል።

«ልንቀርብ ስንል ነው የደረሱት። እንብላ» አለች ሶሬቲ።

«ብሉ። እኔ ቆሜ አያችኋለሁ።»

ደቻሳ ዳቦውን ቆራርሶ አደለ። ሶሬቲ ለጉዲና የያዘችውን ጾም በአንድ ቁራሽ ሻረችው። ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ፣ አለች በሆዷ፣ ዐይኗን እንዳፈጠጠች። የሁሉም ዐይን ፈጦ ነበር። ማዕድ ላይ ዐይኑን የጨፈነ ሰው ጴንጤ መሆኑን ያገሩ ካድሬ ሁሉ ያውቃል።

አዝመራ ግን ዳቦውን ተቀበለች፣ አንገቷን ደፋች፣ ዐይኗን ጨፈነች። ይቺ የልብስ ሰፊ ቤት ሠራተኛ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ሳትባርክ ጎርሳ አታውቅም። ቀና ስትል ሊቀ መንበሩ ፊቷ ቆሟል።

«ተነሺ» አላት። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ሁላችሁንም ስጎትት አልውልም። አንድ ጴንጤ ይበቃኛል። ይቺ የናንተ ናት ወይስ መንገድ ላይ የተቀላቀለቻችሁ ናት?»

ሶሬቲ ደቻሳን አየችው። የጠዋቱ ኃላፊ አቀርቅሮ ሣር ይነጫል። አዝመራ ዳቦዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማለች፤ ማንንም አላየችም። ዝም ካሉ እሷን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ሶሬቲ ዛሬ ልጇን ታቅፋ ታድራለች። ጡቷ ወተት አግቶ ይጠዘጥዛታል። ቤቷ መሄድ ፈለገች፤ ከምንም ነገር በላይ ቤቷ መሄድ ፈለገች።

«ምነው፣ አታውቋትም?» አለ ሊቀ መንበሩ።

ሶሬቲ የቤቷን ቁልፍ ካንገቷ አውልቃ ደቻሳ ጭን ላይ ጣለችው።

«ለትብለጽ ስጥልኝ» አለችው። «የላም ወተት እንዲሁ አይስማማውም። በውሃ አቅጥና፣ አፍልታ ትስጠው በላት።»

ነጠላዋን አጣፍታ ሄደችና ካዝመራ ጎን ቆመች።