እጄ የቀደመኝ ቀን

ታናሽ እህቴን ሚጢ እንላታለን። ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ ስትጎነጉን ጣቶቿን ዓይን አይከተላቸውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላት ግን ጣቶቿ ጫፍ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ፤ ቀጥሎ አፏ ዙሪያ። «ለምጽ ነው» ተባለ። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሸሹ። አንዷማ ግማሽ ፀጉሯን ተሠርታ፣ «ስልክ ደውዬ ልምጣ» ብላ እንደወጣች ቀረች።

እኔ የምሠራው ቆዳ የሚጠናበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀለም የሚሠሩ ህዋሳትን በብልቃጥ አሳድጋለሁ። የሰውነት ጠባቂዎች እርስ በርስ የሚላላኩበት ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ እሱን ጠብ ሳደርግባቸው ቀለም መሥራታቸውን ይቀንሳሉ።

«ጠባቂዎችሽ ተሳስተው ነው» አልኳት ለሚጢ። «ቀለም ሠሪዎቹን ጠላት መስለዋቸው፣ መልእክት እየተላላኩ ያጠቋቸዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።»

«የገዛ ዘበኛዬ ዘረፈኝ በይኛ!» ብላ ሳቀች። «በይ ይሄን ለደንበኞቼ ንገሪልኝ።»

ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሜ አፌ እስኪደርቅ ለመንደሩ ሁሉ አስረዳሁ። እማዬ «ተባረኪ ልጄ» አለችኝ። ሐኪሟ ያንን መልእክት የሚያግድ ቅባት አዘዘላት፤ በስምንት ወር የፊቷ ቀለም ተመለሰ። እጆቿ ግን እምቢ አሉ። ቀለሙ የሚመለሰው ከፀጉር ሥር እየተነሣ ነው፤ ጣት ጫፍ ላይ ደግሞ ፀጉር የለም።

በዚያው ሰሞን ወለድኩ። ሚጢ ከሁሉ ቀድማ መጣች። እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ወደ ሕፃኗ ዘረጋች።

«ነይ የኔ ማር፣ ነይ ወደ አክስትሽ።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ልጄን ወደ ደረቴ ሳብኳት። ለቅጽበት ነው። ወዲያው «እንኪ፣ እንኪ ያዣት» አልኩ።

«ይሁን፣ እንቅልፏን አልረብሻት» አለች። እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በወሩ ፀጉር ቤቱን ዘግታ ሌላ ከተማ ሄደች። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች፤ ሁሉም ጓንት የሚያደርግበት ሥራ ነው።

ልጄ አሁን አራት ዓመቷ ነው። አክስቷን የምታውቃት በስልክ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት «ለምን አትመጣም?» አለችኝ።

«እኔ አስቀይሜያት ነው።»

«ይቅርታ በያታ!»

«ብያታለሁ። እሷም ይቅር ብላኛለች።»

ልጄ ጫማዋን ይዛ መጣች።

«ታዲያ ለምን አትመጣም?»

ጫማዋን አሰርኩላትና ወደ ትምህርት ቤት ወሰድኳት።