የሚቅዳድ ቃል

ጣሂራ ልጇ አንድ ቃል ቢናገርላት ሌላ ምንም አትፈልግም ነበር። ሚቅዳድ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን አፉን አልፈታም። ኦቲዝም እንዳለበት የተነገራቸው ገና ትንሽ ሳለ ሲሆን፣ ያኔ አንዲት ባለሙያ «ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል፤ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» ብላ መከረቻቸው። ምክሯ ትክክል ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም። የደሴዋ ጣሂራና ባሏ ሙሐመድዘይን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃቸውን በስደት በገቡበት የካዚኖ ከተማ በለቃቀሟት ጥቂት እንግሊዝኛ ያዙት፦ «ካም»፣ «ሲት»፣ «ኢት»። አማርኛ የሚያወሩት እርስ በርሳቸው ነው፤ የሚጨቃጨቁትም በእሱው።

ሆቴሎቹ በኮሮና ተዘግተው ከክፍል ጽዳት ሥራዋ ከተቀነሰች ወዲህ ግን ጣሂራ ደነዘዘች። መልሰው ሲጠሯትም አልተደሰተችም፤ ጎረቤቷ ስትሞትም አላለቀሰች። ባሏ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው መጋዘን ከሺፍት ሲመለስ «ምን ነካሽ?» ይላታል። «ምንም» ትለዋለች፤ እውነቷን ነው።

በፈረንጆቹ 2021 መግቢያ ላይ ሙሐመድዘይን በማግኔት አእምሮን የሚያነቃቃ ሕክምና እንዳለ ሰማ። ሐኪሙ ነገሩ ገና በጥናት ላይ ያለ መሆኑን፣ ተስፋ ሊሰጣቸው እንደማይችል፣ ልጁ እምቢ ካለም እንደማይቀጥሉ ነገራቸው። ሙሐመድዘይን የሰማው ሐኪሙ ያልሰጠውን ተስፋ ብቻ ነው። «አንድ ቃል ካለ ይበቃናል፣ ወላሂ» አለ።

ክሊኒኩ በኮሮና ምክንያት አንድ ወላጅ ብቻ ስለሚያስገባ ጣሂራ ገባች። ዳና የምትባል ፍልቅልቅ ያለች ቴክኒሻን ሚቅዳድን ወንበር ላይ አስቀምጣ ስምንት ቁጥር የመሰለውን ማግኔት ጭንቅላቱ ላይ ታስጠጋለች። ማሽኑ በር እንደሚቆረቁር እንግዳ ቋ ቋ ቋ ይላል። ልጁ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ይቀመጣል።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ማሽኑ እያንኳኳ ሳለ፣ ሚቅዳድ «በቃ» አለ።

ጥርት ያለ አማርኛ። ማንም አላስተማረውም፤ ከእናትና ከአባቱ ጭቅጭቅ የለቀመው መሆን አለበት። ዳና ማሽኑን አቁማ ወደ ጣሂራ ዞረች። «ተናገረ እኮ። ምን ማለት ነው?»

እውነቱን ብትናገር ሕክምናው ያበቃል፤ ያን ያህል ዓመት የጠበቀችው አፍ በአንድ ቃል ተከፍቶ ተመልሶ ይዘጋል። ፈራች። «እናት ማለት ነው» አለች።

ለባሏ ግን የተባለውን እንደተባለ ነገረችው። «በቃ አለ? አልሐምዱሊላህ» አለ ሙሐመድዘይን። «እየሠራ ነው ማለት ነው፤ እንዳታቋርጪ።» የቃሉ ትርጉም ለእሱ ከቁም ነገር አልገባም።

ከዚያ ወዲያ ሚቅዳድ ማሽኑ በጀመረ ቁጥር «በቃ» ይላል። ዳና ደግ ሴት ናትና ታባብለዋለች፤ ቃ ስለማይሆንላት «ቤካ» ነው የምትለው። «አዎ የኔ ቆንጆ፣ ቤካ ይቺውና ተቀምጣለች። ቤካ የትም አትሄድም።» ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ ያያታል። ጣሂራ ምንም አይሰማትም፤ ቢሰማት ይሻል ነበር።

ከዕለታት በአንዱ ሚቅዳድ ዝም አለ። ማሽኑ አንኳኳ፤ እሱ አልተናገረም፣ አልተንቀሳቀሰም፣ እናቱንም አላየም።

«ዛሬስ አይጠራሽም እንዴ?» አለች ዳና።

ያኔ ጣሂራ ቀና ብላ ልጇን አየችው። ልጄ የተወው የሚሰማው ሰው ቢያጣ ነው፣ ቃሉ የገባኝስ እኔ ብቻ አይደለሁ እንዴ፣ አለች በልቧ። እንዲህ አፍራ አታውቅም። «በቃ» አለች።

ከማስኩ በላይ የዳና ዓይኖች ሳቁ። «አዎ፣ አንቺ ነሽ» አለቻትና ሥራዋን ቀጠለች።

«በቃ» አለች ጣሂራ ደግማ። ማሽኑ ማንኳኳቱን አልተወም። ተነሥታ የዳናን ክንድ ያዘች። «ስቶፕ ማለት ነው» አለች በእንግሊዝኛ። «ከመጀመሪያውም ስቶፕ ማለት ነበር።»

ማሽኑ ቆመ። ዳና አንዴ እናትየውን አንዴ ልጁን ታያለች። ጣሂራ ወንበሩ ሥር ተንበርክካ፣ ከስንት ዓመት በኋላ በአማርኛ፣ «ሰምቼሃለሁ ልጄ» አለችው። ሚቅዳድ ፊቱን አላዞረም።