ርዕሰ መምህሩን የዋጡት ሴሎች

መምህርት ሮዳስ ነጭ የደም ሴል የተበላሸውን ለይቶ እንዴት እንደሚውጥ ሰሌዳ ላይ ስላ ብታስረዳ፣ ግማሹ ክፍል አንቀላፋባት። ከደብረ ብርሃን ተመድባ ጭሮ ከመጣች ወዲህ ከሰዓት በኋላ ተማሪ መቀስቀስ ምን ያህል እንደሚያደክም አይታዋለች። በማግስቱ አሮጌ ካልሲዎችን በጨርቅ ጠቅጥቃ ኳስ ሠራችና አንድ ሰሃን የእንቁላል ነጭ ጨምራ ልጆቹን ሜዳ አወጣቻቸው።

ግማሾቹን ኳሶች ጥሬ ነጭ ቀብታ ፀሐይ ላይ አድርቃቸዋለች፤ ልስልስ ብለዋል። የቀሩት ላይ እሳት ገና ያረጋው ነጭ ለጥፋባቸዋለች፤ ጓጉለዋል፤ ሲነኩ ይጎረብጣሉ።

"ፕሮቲኑ ያው ነው" አለች። "የነዚህን ግን ሙቀት ቅርጹን አበላሸው። ሴሉ ዓይን የለውም። ላይ ላዩን ዳስሶ የተበላሸ ካገኘ ከብቦ ይውጣል።"

አምስት ተማሪዎች ዓይናቸውን በሻሽ ታስረው አንድ ሴል ሆኑ። ልስልሱን ኳስ እየዳሰሱ ይተዋሉ፤ የጓጎለው እጃቸው ሲገባ ተሯሩጠው ክብ ይሠሩና መሀላቸው ያስገቡታል። ሜዳው በሳቅ ደመቀ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ አጥናፉ ሁካታውን ሰምተው መጡ። ከጎጃም ከተዛወሩ ገና መንፈቅም አልሞላቸውም፤ ኦሮምኛ አይሰሙም። አዲስ ግራጫ ኮት ለብሰዋል።

"ይሄ ትምህርት ነው ጨዋታ?"

"ትምህርት ነው። ሴሉ የሚያውቀው የነካውን ብቻ ነው" አለች ሮዳስ።

"እኔን ቢነኩኝማ ማን እንደሆንኩ ወዲያው ያውቁ ነበር!"

ከኋላቸው ሀምዲያ ቆማ ነበር፤ ከሚኤሶ መጥታ አክስቷ ቤት ሆና የምትማር ልጅ ናት። የተረፈው የረጋ ነጭ ያለበትን ሰሃን የያዘችው እሷ ናት። ይህን ስትሰማ ጣቶቿን የረጋው ነጭ ውስጥ ነከረች።

"ጋሼ፣ ኮትዎን አቧራ ነክቶታል፤ ላራግፍልዎት" ብላ ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው በትህትና ጠረገችላቸው።

"ተባረኪ" አሏት።

ከዚያ ድምጿን አጥፍታ ሄደችና አምስቱን ወደ እሳቸው ገፋ ገፋ አደረገቻቸው። የመጀመሪያው እጅ ኮቱ ላይ አረፈ።

"አገኘሁ! የተበላሸ!" ብሎ ጮኸ ከአምስቱ አንዱ ኢርሻድ።

አምስቱም ተጠመጠሙባቸው።

"ልቀቁኝ! አጥናፉ ነኝ!"

"ቲቸር፣ ይሄኛው ይናገራል!" አለ ኢርሻድ፣ የበለጠ አጥብቆ እያቀፈ።

ተመልካቹ "ቀባ! ቀባ!" እያለ ማጨብጨብ ጀመረ። በኦሮምኛ "ያዙት" ማለታቸው ነው። አቶ አጥናፉ ግን የሰሙት በአማርኛ ነው።

"ማን ቀባ? ምን ቀባ?" ብለው እጃቸውን ወደ ጀርባቸው ሰደዱ። ጣታቸው እንቁላል ይዞ ተመለሰ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ሀምዲያ "ያዙት ማለታቸው ነው…" ብላ ልታስረዳ ጀመረችና እጇን አየችው። እስከ አንጓዋ ነጭ ነው።

"ወላሂ፣ ለትምህርቱ ብዬ ነው" አለች።

አቶ አጥናፉ ወደ ኢርሻድ ዞሩ። "ስሜን እየጠራሁ ለምን አልለቀቃችሁኝም?"

ኢርሻድ ሻሹን ፈትቶ ሲያያቸው ደነገጠ። "ጋሼ፣ ጀርባዎ የሚለው ሌላ ነበር።"

ሮዳስ ፊቷን አዞረች። አቶ አጥናፉንም ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ከንፈራቸውን በግድ ያዙት። ኮቱን አውልቀው ለሀምዲያ ሰጧትና "አጥበሽ ታመጫለሽ" ብለዋት ሄዱ።

ማታ ሀምዲያ በደንብ እንዲለቅ ብላ የፈላ ውሃ አፈሰሰችበት። አክስቷ ሞሚና ከኋላዋ መጥታ ኮቱን አነሳች።

"አቦ! እንቁላል በፈላ ውሃ ይታጠባል? ቀቀልሽው እኮ!"

በቀዝቃዛ ውሃ ቢፈተግም ያ ነጭ እድፍ ከጨርቁ አልለቀቀም። አቶ አጥናፉ ኮቱን ሲቀበሉ አገላብጠው አዩትና ለበሱት። ዓመቱን ሙሉም ለበሱት። አንዳንድ መምህር ስለ ጀርባቸው ሲጠይቃቸው "ስዋጥ ነው" ይሉና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።